ሲበርድ ውሃ ጨምር

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ልጆች ትንሽ ግብዣ አዘጋጁልኝ። አለቃችን ስለ እኔ ያለውንም የሌለውንም ተናገረ፤ የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። ሰው መበተን ሲጀምር፣ ጠረጴዛዋ ከእኔ አጠገብ የነበረች አንዲት ወጣት ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፉንም፣ ለሰው መመሪያ መጻፉንም የት ነው አንድ ላይ የተማሩት? እኛ እኮ አንዱም በወጉ አልሆነልንም» አለችኝ።

«ሮቤ» አልኳት።

ሳቀች። በጃንሆይ ዘመን ባሌ ውስጥ ኮምፒዩተር እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ቀልድ መሰላት። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ቤቴ ከገባሁም በኋላ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

የተወለድኩት ጎባ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ግቢያችንን ከኦሮሞ ጎረቤቶቻችን የሚለየው አንድ የጽድ አጥር ብቻ ስለነበር እኔና እኅቶቼ አፋችንን የፈታነው በሁለቱም ቋንቋ ነው። እናቴ በአማርኛ ስትቆጣኝ በኦሮምኛ እያለቀስኩ ጎረቤት እገባ ነበር አሉ። ትምህርቴን ስጨርስ ታይፕ ተማርኩና ሮቤ ውስጥ ሞተርና ትራክተር በሚያስመጣ ኩባንያ ቅርንጫፍ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለአንዲት ላጤ ሴት ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሮቤ ያኔ አንድ ረጅም መንገድና በግራ ቀኙ የተሰለፉ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ከቤቶቹ ጀርባ ስንዴና ገብስ እስከ ተራራው ሥር ድረስ ይዘረጋል። በገጠሩ ወፍጮ ቤት መከፈት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር በብዛት የምንሸጠው የወፍጮ ሞተር ነው። ሞተሮቹ ግን እንደተሸጡ አይቀሩም። በየሳምንቱ አንዱ ባለወፍጮ የተሰበረ ዕቃ በጆንያ ጠቅልሎ በበቅሎ ይመጣል። ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የዘይት መጥረጊያ ሆኖ ነው የሚያልቀው።

የቅርንጫፉ ሜካኒክ ጋሽ መርዕድ ይባላል። አሰላ፣ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሥራ የተማረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን ሰው ነበር። የተበላሸ ሞተር ሲመጣለት መፍቻ አያነሳም። መጀመሪያ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይዞራል። ከዚያ ባለቤቱን፣ «ከመቆሙ በፊት ምን እያደረጉ ነበር?» ይለዋል። ሰውየው ሲናገር አያቋርጠውም። «ሞተሩ አይዋሽም፤ ሰውም አይዋሽም፤ ያየውን የሚናገርበት ቃል ነው የሚያጥረው» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ታይፕ እየመታሁ ሳለ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጽጌ፣ ይሄንን የሞተር መጽሐፍ በአማርኛ እንጻፈው።»

«እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥኩሽ። እኔ ብጽፈው የሚገባው ለእኔ ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደስታ፣ ሥራሽን እስካልበደልሽ ድረስ አይከፋኝም አሉ። እኔም ከሰዓት በኋላ ሽርጥ አድርጌ ወርክሾፕ መግባት ጀመርኩ። ሞተር ፈትቼ ገጠምኩ። በናፍጣው ቱቦ አየር ሲገባ ሞተሩ እንዴት እንደሚንተፋተፍ፣ አየሩ ሲወጣ ናፍጣው አረፋ ትቶ እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚወርድ በጣቴ ነክቼ አየሁ። ማኑቬላ፣ የማስነሻውን ብረት፣ አዙሬ ሞተር ያስነሳሁ ዕለት ክንዴ ለሳምንት ታመመ፤ ለእናቴ ግን ጎባ ድረስ ሄጄ በኩራት ነገርኳት። «ልጄን ለጽሕፈት ብሰጥ ለወፍጮ አደረጓት» አለች።

የመጀመሪያውን ገጽ ጽፌ ሳነብለት እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩ ከመነሳቱ አስቀድሞ የዘይቱ መጠን ይረጋገጥ ዘንድ አስፈላጊ ነው።» የአባቴ የፍርድ ቤት አማርኛ ነበር፤ በጣም ወድጄው ነበር።

ጋሽ መርዕድ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና፣ «ማን ያረጋግጥ? እኔ? አቶ ደስታ? ወይስ መድኃኔ ዓለም?» አለኝ።

«ባለወፍጮው ነዋ።»

«እሱማ ሞተሩ ፊት ቆሟል። እጁ ባዶ ነው። ለእጁ ሥራ ስጪው።»

«ዘይቱን ለካ» ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰውም ለማሽንም ስጽፍ የኖርኩት ከዚያች ዓረፍተ ነገር ወዲህ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ «አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚል ጣጣ መጣ። ባለወፍጮ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ «ለካ፣ ክፈት፣ ሙላ» ማለት ነውር ሆነብን። «እርስዎ» ብለን ስንጽፍ ግን «ይሙሉ» የሚለውን ካነበብንላቸው ሰዎች አንዱ «እርስዎ ይሙሉ» ብሎ፣ ሌላው «ሌሎች ሰዎች ይሙሉ» ብሎ ተረዳውና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። በመጨረሻ «አንተ» ብለን ጻፍንና ከላይ እንዲህ ጨመርንበት፦ «አንተ በማለታችን ይቅርታ፤ በሞተር ፊት ቃል ማሳጠር ግድ ሆኖብን ነው።»

አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር ጋሽ መርዕድ ከገበያ ሰው ይለምንና ያመጣል። ገጹ ይነበብለታል፤ ሰውየው ሞተሩን በተነገረው መሠረት ያስነሳል። ያን ጊዜ ጋሽ መርዕድ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ጣቶቹን ያቆላልፋል። «እጄን ካልያዝኩት ያስተምራል» ይላል። ሰውየው ሲሳሳት አይናገርም፤ እኔን ብቻ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔ ያቺን መስመር አሰምርባታለሁ። አንድ ጊዜ አዴ ፋጡማ የምትባል ቅቤ ነጋዴ መጣች። «በግራ በኩል ያለውን ቡሎን ፍታ» የሚለውን ሳነብላት መፍቻውን እንደያዘች ቆመች።

«የማን ግራ?» አለች። «የእኔ ነው የሱ?»

ሞተሩን ማለቷ ነው። ጋሽ መርዕድ አፉን ከድኖ እስኪንፈራፈር ሳቀ። ከዚያ በኋላ በመጽሐፋችን ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም፤ «በናፍጣው ጋን በኩል»፣ «በቺንጋው በኩል» ሆነ፤ ቺንጋ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው።

እንዲህ እያልን መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። ያ ገጽ ሞተሩ ሲግል ምን እንደሚደረግ የሚናገር ነው። እኔ «ሞተሩን አጥፋው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠብቅ። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ጨምር» ብዬ ጽፌ ነበር። ወረቀቱ ሞላና ቦታ አጣን። ጋሽ መርዕድ ቃል ማሳጠር እንደ ጥሩ ምግብ ይጥመው ነበር፤ እርሳሱን ተቀብሎኝ ሰረዘ፣ ሰረዘና «አጥፋው። ሲበርድ ውሃ ጨምር» አደረጋት።

«አየሽ? ያው ነው። ግማሹ ወረቀት ተረፈን» አለ።

እኔም ወደድኳት። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ስለነበር ለዚያች ገጽ ከገበያ ሰው አላመጣንም። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤትም ይቸኩል ነበር። ላክነው፤ ታትሞ መጣ፤ ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር መስጠት ጀመርን። የተሰበረ ዕቃ በጆንያ የሚመጣበት ሳምንት እየራቀ ሄደ። አቶ ደስታም ከዋናው መሥሪያ ቤት ምስጋና ደረሳቸውና ፈገግታ አበዙ።

በጋው ገብቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ አንድ ጠዋት ኦቦ ጀማል ሱቃችን ገቡ። ከዲንሾ ወዲያ ባለ አንድ የደጋ መንደር ወፍጮ ያላቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በነጠላ ተጠቅልሏል።

«አከም ጅርቱ ኦቦ ጀማል? እጅዎን ምን አገኘው?» አለ ጋሽ መርዕድ ከመቀመጫው ተነስቶ።

ኦቦ ጀማል ሰላምታውን በእርጋታ መለሱ። ከዚያም «መርዕድ፣ እኛ ሀገር ብርድ አለ የለም?» አሉት።

«አለ እንጂ።»

«ብርድ የሌለበት ቀን አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ ሞተሩ ጋለ። መጽሐፉን አስነበብኩ። አጥፋው ይላል፤ አጠፋሁት። ሲበርድ ውሃ ጨምር ይላል፤ ውርጭ ነበር፣ ጣቴ ደንዝዟል፣ በርዷል። ከምንጭ ቀድቼ ጨመርኩ። ጮኸ። እንፋሎቱ እጄን ላጠው። ሞተሩም ተሰነጠቀ።»

የጋለ ብረት ላይ የውርጭ ውሃ ሲፈስበት የሞተሩ ራስ፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ጋሽ መርዕድ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ፤ መጨረሻውን ገጽ ገለጠ፤ እንደማያውቀው ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

አቶ ደስታ ከቢሯቸው ወጥተው ነገሩን ሰሙ። «መጽሐፉማ አልተሳሳተም» አሉ። «ሞተሩ ሲበርድ ማለት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። የአጠቃቀም ጉድለት ነው፤ ኩባንያው አይመለከተውም።»

«የአጠቃቀም ጉድለት አይደለም» አለ ጋሽ መርዕድ።

«መርዕድ!»

«ያልነውን ነው ያደረጉት አቶ ደስታ። ቃል በቃል ያልነውን። ያቺን ቃል ደግሞ የቆረጥኳት እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለማሳያ ከቆመው ሞተር ላይ ቴስታታውን ፈታ። አቶ ደስታ «ይህን ካወጣህ ተጠያቂው አንተ ነህ» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። እሱ «እሺ» አለና መፍታቱን ቀጠለ። በማግስቱ ኦቦ ጀማልን ይዘን በኩባንያው መኪና እስከ ዲንሾ፣ ከዚያ በበቅሎ ወጣን። እኔ የሄድኩት ማንም ሂጂ ስላለኝ አይደለም። መቅረት አልቻልኩም።

መንደሩ ስንደርስ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ወፍጮ ቤቱ ዝም ብሏል። በየደጁ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲፋቅ ይሰማል፤ ሴቶቹ ወደ እጅ ወፍጮ ተመልሰዋል። የኦቦ ጀማል ባለቤት አዴ ሸምሲያ እንግድነታችንን አክብራ ወተት ሰጠችን፤ ዓይናችንን ግን አላየችም።

ጋሽ መርዕድ ኮቱን አውልቆ ሥራ ጀመረ። እኔ መጽሐፉን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩና ለተሰበሰበው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በኦሮምኛ ነገርኩ። በኦሮምኛ ማሳተም በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም፤ አፍ ግን ማንንም አያስፈቅድም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ «ሲበርድ» ለሚለው አንደበቴ ላይ ሁለት ቃል መጣብኝና ቆምኩ።

አዴ ሸምሲያ ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «የሀገሩ ብርድ ቆራ ነው» አለችኝ በኦሮምኛ። «ድስቱ ከእሳት ወርዶ ሲበርድ ደግሞ ቀበና ነው። አንቺ የጎባ ልጅ አይደለሽም? ይሄን አጥተሽው ነው?»

አላጣሁትም። ያን ቃል በኦሮምኛ አፌ አስቤው ቢሆን ኖሮ እርሳሱን እይዝበት ነበር። ለጋሽ መርዕድ በአማርኛ ነገርኩት። መፍቻውን ሳያስቀምጥ ራሱን ነቀነቀ።

ሞተሩ ተነሳ። ሴቶች እልል አሉ፤ ከየቤቱ እህል መጉረፍ ጀመረ። ጋሽ መርዕድ ግን እጁን ጠርጎ ኦቦ ጀማል ፊት ቆመ። «እጅዎን ያሳዩኝ» አለ። ሽማግሌው ነጠላውን ፈቱለት። ጣቶቹ ተጣብቀው ነበር። እስከ መቼም እንደማይዘረጉ እኔም ገባኝ፣ እሱም ገባው። ጎንበስ ብሎ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«አላህ ይቅር ይበለን» አሉ ኦቦ ጀማል። «እኔ አንድ እጄ ነው። መጽሐፍህ ስንት ቤት ነው ያለው? እዚህ ቆመህ አታልቅስብኝ። ሂድ፣ ለሌላው ድረስለት።»

ሄድን። ያን በጋ ሞተር በሸጥንበት ቦታ ሁሉ ዞርን። አቶ ደስታ አንዴ ይከለክላሉ፣ አንዴ እንዳላዩ ያልፋሉ። በየወፍጮ ቤቱ ገብተን መጽሐፉን እንቀበላለን፤ እኔ በብዕር ያቺን መስመር ሰርዤ «ሞተሩን በእጅህ ንካው፤ ካላቃጠለህ ውሃ ጨምር» ብዬ እጽፋለሁ፤ በኦሮምኛም ደግሜ እናገራለሁ። በሃረና ጫካ ጫፍ፣ ዛፉ ሁሉ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት አንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ያልተተከለ ቡና እየለቀሙ ከሚያድሩ ሰዎች ጋር ማር በላን። በሶፍ ዑመር በኩል ስናልፍ ወንዙ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ጋሽ መርዕድ ቆሞ አዳመጠና «ፖምፓው ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ሐዘን በኋላ መጀመሪያ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሼክ ሁሴን በሚወስደው ቆላ ያገኘነው ባለወፍጮ ደግሞ ሞተሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆታል፤ ምንም አልደረሰበትም። «መጽሐፉ ግን ያስቸግራል» አለን። «ሞተሩ በጋለ ቁጥር ሲበርድ ይላል። እዚህ የሚበርደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ግማሽ ቀን ሥራ እየፈታሁ እጠብቃለሁ።» ጋሽ መርዕድ አፉን መክደን ረስቶ አፍጥጦ አየው። አንዲት መስመር፣ ደጋ ላይ እጅ ልጣ፣ ቆላ ላይ ሰው ሥራ አስፈታች። መንገድ ላይ ስንመለስ «ጽጌ፣ ስንጽፍ ሮቤ ተቀምጠን ነበር» አለኝ። «ሰዎቹ ግን ሮቤ አይደሉም።»

በኋላ ቢሮ ውስጥ ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ተጠቃሚ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ከዚህ የበለጠ የተናገረ አላጋጠመኝም።

አቶ ደስታ አልረሱለትም። የዋና ሜካኒክነት ቦታ ሲከፈት ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው አስመጥተው ከበላዩ አስቀመጡ። ጋሽ መርዕድ ለአዲሱ አለቃ ወርክሾፑን አዙሮ አሳየው፤ ሻይም ጋበዘው። እኔ ነኝ የተናደድኩት። እሱ ከእኔ ጋር ሁለተኛውን መጽሐፍ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን፣ ጀምሮ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አይታየውም።

ያን መጽሐፍ ሳንጨርስ አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሂሳብ መኪና አስመጥቶ ሠራተኛ ለማሠልጠን ፈተና አወጣ። ያኔ ኮምፒዩተርን የሂሳብ መኪና ነበር የምንለው። ማስታወቂያውን አቶ ደስታ ጋ በመጣ ጋዜጣ ላይ አይቶ ያመጣልኝ ራሱ ጋሽ መርዕድ ነው። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላ ግን ልቤ እምቢ አለ።

«አልሄድም» አልኩት። «መጽሐፉስ?»

«መጽሐፉ የት ይሄዳል? ሥልጠናው አንድ ዓመት አይደል? ተምረሽ ትመጫለሽ።»

«ማን ያነብልሃል?»

«እጠብቃለሁ» አለ። «ሂጂ። ያልፈታሽው ሞተር አዲስ አበባ አለ እየተባለ ሮቤ ብትቀሪ እኔም እንቅልፍ የለኝ።»

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። ባለቤቱ እትዬ ወርቄ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ ዞር ብዬ አየሁት፤ እጁን አላውለበለበም። ሁለቱንም እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆሟል።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የሂሳብ መኪናው ሥራ ወዲያው ገባኝ። ሌሎቹ ሠልጣኞች መኪናው ልባቸውን እንዲያውቅላቸው ይጠብቁ ነበር፤ እኔ ያልተጻፈ ነገር እንደማይደረግ ከኦቦ ጀማል ተምሬ ነው የመጣሁት። ከዓመቱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አልለቅም አለኝ። ባል አገባሁ፤ ልጅ መጣ። ለጋሽ መርዕድ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ሮቤ ያለው ቅርንጫፍ ተወረሰና ተዘጋ ሲሉ ሰማሁ። በሥራዬ ብዙ አለቆች ተፈራረቁብኝ፣ ደጎችም ነበሩ። የጻፍኩትን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ግን አላገኘሁም። አንዳንድ ቀን አንድ ከባድ ዓረፍተ ነገር ሲስተካከልልኝ የማነብለት ሰው ፍለጋ ቀና እልና፣ ከፊቴ መስኮቱ ብቻ ይሆናል።

ጡረታ ወጥቼ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ሮቤ ሄድኩ። ከተማዋ ሰፍታ አላወቅኳትም፤ ስንዴው ብቻ አልተለወጠም። እየጠየቅሁ እትዬ ወርቄን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስሜን ስነግራቸው ግን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ጋሽ መርዕድ ካረፈ ዓመታት እንዳለፉት ነገሩኝ።

«ደብዳቤ ጽፌለት ነበር» አልኳቸው። «አልመለሰልኝም።»

«የሱ ጽሕፈት ታውቂው የለ» አሉ። «ላንቺ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ፣ ትስቅብኛለች እያለ ስንት ወረቀት ቀደደ። ደግሞስ ትመጣለች ይል ነበር። ክረምቱ በወጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ደረቀ ወርቄ፣ አሁን ትመጣለች ይለኛል። ታሞ አልጋ ላይ እስኪውል ድረስ እንዲያው ነበር።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ረስቶኛል ብዬ ነበር የኖርኩት።